ኮምፒውተሩ የቅርቡን ዶሜይን ኮንትሮለር ትቶ የሩቁን ሲይዝ፦ ችግርና መፍትሄ

ምልክቱ

ዋና መሥሪያ ቤቱ ሜክሲኮ፣ ቅርንጫፉ ፒያሳ የሆነ አንድ ድርጅት በሁለቱም ቢሮዎች የዊንዶውስ ዶሜይን ኮንትሮለር (የሠራተኞችን ስምና የይለፍ ቃል የሚያረጋግጥ ሰርቨር) አለው እንበል። የፒያሳ ሠራተኞች ጠዋት የይለፍ ቃላቸውን ካስገቡ በኋላ ኮምፒውተሩ እስኪከፈት ብዙ ይጠብቃሉ፤ በሁለቱ ቢሮዎች መካከል ያለው መስመር ሲጨናነቅ ደግሞ መዘግየቱ ይብሳል። የሚያስቆጨው፣ የፒያሳው ሰርቨር እዚያው ሕንፃ ውስጥ ያለ ምንም ችግር እየሠራ መሆኑ ነው።

በመጀመሪያ ኮምፒውተሩ የያዘው የትኛውን ሰርቨር እንደሆነ ይረጋገጥ። ብዙ ባለሙያዎች ‹ሎጎንሰርቨር› የሚለውን፣ ያስገባውን ሰርቨር ስም የሚይዝ የዊንዶውስ ተለዋዋጭ ብቻ ያያሉ፤ ተጠቃሚው የገባው በኮምፒውተሩ ላይ በተቀመጠ የቀድሞ መረጃ ከሆነ ግን ይህ ሊያሳስት ይችላል። የተሻለው ‹ኤንኤልቴስት› የተባለውን ትእዛዝ ‹ዲኤስጌትዲሲ› ከሚለው አማራጭና ከዶሜይኑ ስም ጋር ማስኬድ ነው። ውጤቱ የሰርቨሩን ስም፣ የሰርቨሩን ሳይትና የኮምፒውተሩን ሳይት ለየብቻ ያሳያል፤ ሳይት ማለት በዶሜይኑ ውስጥ አንድን ቢሮ ወይም ቦታ የሚወክል ክፍል ነው። የኮምፒውተሩ ሳይት ካልተጻፈ፣ ወይም በመጨረሻው መስመር ላይ ‹ክሎዝ ሳይት› የሚል ምልክት (ሰርቨሩ ቅርብ ነው ማለት ነው) ከሌለ፣ መንስኤው ተገኝቷል ማለት ይቻላል።

መንስኤው

ኮምፒውተሩ ሰርቨር የሚፈልገው ዲኤንኤስን (ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉመውን አገልግሎት) በመጠየቅ ነው። ካገኛቸው ዶሜይን ኮንትሮለሮች አንዱን ሲያነጋግር፣ ያ ሰርቨር የኮምፒውተሩን አይፒ አድራሻ በአክቲቭ ዳይሬክተሪ (በዶሜይኑ የመረጃ ማውጫ) ከተመዘገቡት ሳብኔቶች (የአድራሻ ክልሎች) ጋር አስተያይቶ የየትኛው ሳይት እንደሆነ ይነግረዋል፤ ኮምፒውተሩም በዚያ ሳይት ያለውን ሰርቨር እንደገና ይፈልጋል። ሳብኔቱ ካልተመዘገበ ይህን የሚነግረው የለም። የሰርቨሮቹ የዲኤንኤስ መዝገቦች በነባሪ ቅድሚያቸው 0፣ ክብደታቸው 100 ስለሆነ፣ የሜክሲኮውና የፒያሳው በእኩል ዕድል ይመረጣሉ።

ይህ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጠረው ቢሮው ተጨማሪ ፎቅ ሲከራይ ወይም አዲስ ዋይፋይ ሲዘረጋ ነው። የኔትወርክ ባለሙያው ለምሳሌ 192.168.20.0/24ን በራውተሩ ላይ ይከፍታል፤ ሥራው ስለሚሠራ ማንም ለዳይሬክተሪው አይነግረውም። ማስረጃው በዶሜይን ኮንትሮለሩ የዊንዶውስ ማኅደር፣ ‹ዲበግ› ውስጥ ባለው የኔትሎጎን መዝገብ ይገኛል፦ ‹ኖ ክላይንት ሳይት› ከሚለው ጽሑፍ አጠገብ የእያንዳንዱ ኮምፒውተር ስምና አድራሻ ሰፍሯል።

መፍትሄው

‹ሳይትስ ኤንድ ሰርቪስስ› በሚባለው መሣሪያ ሳብኔቱን መዝግበው ከፒያሳ ሳይት ጋር ያያይዙት። የፒያሳው ሰርቨር ራሱ በፒያሳ ሳይት ሥር መሆኑንም ይመልከቱ፤ ሲተከል በተቀመጠበት ነባሪ ሳይት ተረስቶ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ከዚያ በኮምፒውተሩ ላይ ያንኑ ትእዛዝ ‹ፎርስ› በሚል ጭማሪ ይድገሙት፤ የተቀመጠውን የድሮ ምርጫ ትቶ እንደ አዲስ ይፈልጋል።

ሳብኔቱ ትክክል ሆኖ ችግሩ ከቀጠለ ዲኤንኤሱን ያጣሩ። በኮምፒውተሩ ላይ እንደ 8.8.8.8 ያለ የውጭ ዲኤንኤስ ከተሞላ፣ እሱ የድርጅቱን የውስጥ መዝገቦች ስለማያውቅ ኮምፒውተሩ ሰርቨሩን ፈልጎ ሊያጣ ይችላል። ሰዓቱም ይታይ፦ በእኛ አቆጣጠር እንዲያነብለት የኮምፒውተሩን ሰዓት በ6 ሰዓት ወደ ኋላ የመለሰ ተጠቃሚ ካለ፣ ኬርቤሮስ የተባለው የማንነት ማረጋገጫ ሥርዓት በነባሪ የሚታገሠው የ5 ደቂቃ ልዩነት ብቻ ስለሆነ ማረጋገጫው ሊከለከል ይችላል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኮምፒውተሮቹ ከሰርቨሩ ቀድመው ከተነሡ ግን የሜክሲኮውን መያዛቸው የሚጠበቅ ነው፤ ቆይተው የቅርቡን መልሰው ይፈልጋሉ።

ኮምፒውተሩን በስም ከአንድ ሰርቨር ጋር ማሰር የሚፈልጉ አሉ። ለሙከራ ከሆነ ‹ኤንኤልቴስት› ‹ኤስሲሪሴት› በሚለው አማራጭ ከዶሜይኑና ከሰርቨሩ ስም ጋር ይበቃል፤ ውጤቱ ዘላቂ አይደለም። በሬጅስትሪ (በዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ) ‹ሳይትኔም› የሚለውን ዋጋ መሙላት ሳይቱን ያጸናል፤ ነገር ግን ያ ላፕቶፕ ሜክሲኮ ሲሄድም የፒያሳን ሰርቨር መፈለጉን ስለሚቀጥል ከቦታው ለማይንቀሳቀስ ኮምፒውተር ካልሆነ አልመክረውም። ስምን ከአድራሻ ጋር በእጅ የሚያያይዘውን የ‹ሆስትስ› ፋይል አርሞ የአንዱን ሰርቨር ስም ወደ ሌላው አድራሻ ማዞር ፈጽሞ አይሞከር፤ ለአንዱ ሰርቨር የተሰጠውን የኬርቤሮስ ቲኬት ሌላው ሊፈታው አይችልም። በኤስኤስኤስዲ (ሊነክስን ከዶሜይን ጋር በሚያገናኝ ፕሮግራም) ዶሜይኑን የተቀላቀለ የሊነክስ ኮምፒውተር ከሆነ ግን ‹ኤዲ ሰርቨር› በሚለው መስመር የፒያሳውን፣ ‹ኤዲ ባካፕ ሰርቨር› በሚለው የሜክሲኮውን መጻፍ የተፈቀደና ንጹሕ መንገድ ነው።