ሳይናገር የሚያሳብቅ ፊት፦ የቴሌቪዥን የልብ ንባብ ጨዋታ አነዳደፍ

ሁለት እጁን ጨብጦ «ሳንቲሙ በየትኛው ነው?» የሚል ልጅ ጨዋታውን ሙሉውን ይዞታል። የሚደብቅ አለ፣ የሚያነብ አለ፣ ከብቦ የሚያይ አለ። ይህን ወደ ስቱዲዮ ስናስገባ ዋናው ሥራ መብራትና ጌጥ መጨመር አይደለም፤ ምስጢሩ የሚወጣበትን አንድ ቀዳዳ፣ ፊትን፣ ክፍት ትቶ ሌላውን ሁሉ መድፈን ነው። ምስጢሩ በኮቴ ድምፅ፣ በመነጽር ነጸብራቅ ወይም በአቅራቢው ዓይን ከወጣ ጨዋታው ጨዋታ መሆኑ ይቀራል።

አጥንቱ

ከዚህ በታች ያለው ለግማሽ ሰዓት ፕሮግራም፣ ማስታወቂያው ሲወጣ ለ24 ደቂቃ የተሰፋ ነው። አንድ አንባቢና ሁለት ደባቂዎች ይቀርባሉ። ጠረጴዛው ላይ አምስት ዕቃዎች አሉ፦ ቁልፍ፣ ቀለበት፣ ማንኪያ፣ ሻማ፣ መቀስ። ደባቂው ከመጋረጃ ጀርባ ከከረጢት ዕጣ ያወጣል፤ የደረሰውን ዕቃ በእጁ ይዞ ወደ መሳቢያ ያስገባል፤ ወጥቶ ከአንባቢው ፊት ለፊት ይቀመጣል። አንባቢው ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ይጠራል። ደባቂው አይናገርም፣ ራሱን አይነቀንቅም፣ ዓይኑን አይጨፍንም። እያንዳንዱ ደባቂ አምስት ጊዜ ይደብቃል፤ በድምሩ 10 ሙከራ ይሆናል።

ዕጣው ግዴታ ነው። ደባቂው ራሱ ይምረጥ ከተባለ አንባቢው ፊት ማንበቡን ትቶ ልማድ ይገምታል፦ አዲስ ሙሽራ ቀለበት፣ ልብስ ሰፊ መቀስ። «ከ1 እስከ 10 አንድ ቁጥር ያዝ» የተባለ ብዙ ሰው 7ን እንደሚይዝ የመድረክ አስማተኞች ከጥንትም ያውቃሉ፤ ያ የልብ ንባብ አይደለም።

የዕቃዎቹ ብዛትም በዘፈቀደ የተወሰነ አይደለም። በሁለት እጅ መካከል ብቻ ከሆነ ዓይኑን የጨፈነም ግማሹን ያገኛል። ከአምስት አንዱ ሲሆን በዕድል ብቻ የሚገኘው ከ10 ሙከራ 2 ነው፤ 5 እና ከዚያ በላይ በዕድል የማግኘት ዕድሉ 3 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ የሽልማቱ በር 5 ላይ ይቀመጣል። አንባቢዎቹ በአማካይ 35 በመቶ የሚያገኙ ከሆነ በሩን የሚያልፈው ከአራት አንድ ያህሉ ነው። በ13 ክፍል አንድ ዙር ሦስት ወይም አራት አሸናፊ ይጠበቃል ማለት ነው፤ የሽልማት ገንዘቡ ግን ለስድስት ሰው ይያዝ። ስፖንሰሩን በሦስት ሰው በጀት ማግባባት በኋላ ያጣላል።

ፊቱ እንዲናገር ማድረግ

ማንኪያ ደብቆ የሚጨነቅ የለም። ጭንቀቱን የሚፈጥረው በደባቂው ፊት የተቀመጠው ጥሬ ገንዘብ ነው፦ ለምሳሌ አምስት ባለ 200 ብር ኖት፣ ለእያንዳንዱ ሙከራ አንድ። ከተነበበ አቅራቢው አንዱን ያነሳበታል፤ ካልተነበበ የራሱ ነው። ነጥብ በስክሪን ላይ ሲቀንስ ማንም ምራቁን አይውጥም፤ ብር ከፊቱ ሲነሳ ግን ይውጣል።

አጠራሩ ላይ ብዙ አዘጋጆች ይቸኩላሉ። በየዕቃው መካከል አራት ሰከንድ ዝምታ ይኑር። መጀመሪያ የሚጠራው ዕቃ ደግሞ ምንም ይሁን ምን ደባቂውን ያነቃዋል፤ «ተጀመረ» የሚለው ድንጋጤ እዚያ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ስድስተኛ፣ ዕጣ ውስጥ የሌለ ዕቃ፣ ጠጠር እንበል፣ ሁልጊዜ ቀድሞ ይጠራል። ምጣዱ እንደሚሟሽ ማለት ነው፤ ከማሟሻው ማንም ምንም አይጠብቅም።

አንድ ዙር ንባብ ይህን ይመስላል፦

«ጠጠር።» ደባቂዋ ታይታለች፣ ምንም የለም።
«ቁልፍ።» ምንም።
«ሻማ።» ጉሮሮዋ ወረድ ብሎ ተመለሰ።
«መቀስ።» ትከሻዋ ላላ።
«ቀለበት።» «ማንኪያ።» ሁለት ጊዜ ዓይኗን ቶሎ ቶሎ አርገበገበች።

ችኩል አንባቢ ሻማ ይላል። ግን ጉሮሮዋ የተንቀሳቀሰው ቀጥሎ መቀስ ሊመጣ ነው ብላ ፈርታ ሊሆን ይችላል፤ ትከሻዋም የላላው ያው መቀስ ካለፈ በኋላ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ሁለተኛ ዙር በተቀየረ ቅደም ተከተል የሚያስፈልገው። በሁለቱም ዙር ራሱን የደገመ ምልክት ብቻ ይቆጠራል። ሁለቱ ዙር 48 ሰከንድ፣ መደበቂያው 20፣ ውሳኔው 10፣ መግለጫው 15 ሰከንድ ይወስዳሉ፤ 10 ሙከራ በ15 ደቂቃ ተኩል ያልቃል።

ከሁሉ በፊት ግን የመነሻ ፊት ይቀረጻል። አቅራቢው ለአንድ ደቂቃ ያህል ስለ መንገዱ፣ ስለ ቁርሱ ይጠይቃል፤ አንባቢው ይመለከታል። አንዳንዱ ሰው በተፈጥሮው ዓይኑ አያርፍም። ታላቁ ፊት ዓይኑን ሰበር የሚያደርግ ወጣት አክባሪ እንጂ ሸሻጊ አይደለም፤ ወደ ውስጥ በሚሳብ አጭር ትንፋሽ «አዎ» የሚል ሰውም ልማዱ ነው። ሰውየው የሚነጻጸረው ከራሱ ጋር ነው። «አፍንጫውን ነካ፣ ስለዚህ ዋሸ» የሚል ባለሙያ እንግዳ አይጋበዝ። እ.ኤ.አ. በ2006 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ቦንድና ዴፓውሎ ብዙ ጥናቶችን ደምረው ሲያሰሉ፣ ሰዎች ውሸትን ከእውነት የሚለዩት በአማካይ 54 በመቶ ነው፤ ሳንቲም መወርወር 50 ይሰጣል። ይህ ጨዋታ የሚሠራው ስሙ ተጠርቶ የሚያስደነግጥ አንድ ነገር ስላለ ነው። «እውነት ወይስ ውሸት» ወደሚል ዙር ከተቀየረ ይሞታል።

ቀዳዳዎቹ

በርሊን ውስጥ ሃንስ የሚባል ፈረስ ነበር፤ ሒሳብ ተጠይቆ በኮቴው እየመታ ይመልስ ነበር። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኦስካር ፉንግስት ሲመረምረው፣ ጠያቂው መልሱን ካላወቀ ወይም ፈረሱ ጠያቂውን ካላየ አይሳካለትም። ቁጥሩ ሲደርስ የጠያቂው ራስ በጥቂቱ ቀና ይል ነበር፣ ፈረሱም ያኔ ያቆማል። የምርመራው ውጤት እ.ኤ.አ. በ1907 ታተመ። በእኛ አገር በሌባሻይ ሌባ ሲፈለግም፣ መድኃኒት የጠጣው ልጅ ወገቡ ታስሮ ሌላ ሰው ይዞት ነበር የሚሄደው። የሚጠረጥረው ቤት ያለው ሰው ገመዱን ሲይዝ እጁ ዝም ይላል ማለት ይከብዳል።

ስለዚህ አቅራቢው መልሱን አይወቅ። የስቱዲዮ ታዳሚም አይወቅ፤ 80 ሰው በአንድ ጊዜ ትንፋሹን ሲይዝ ይሰማል። ካሜራማኑም አይወቅ፤ የሚያውቅ እጅ ትክክለኛው ዕቃ ሲጠራ ዙም ያደርጋል። ካሜራው ላይ ያለው ቀይ መብራትም ዳይሬክተሩ የቱን ምስል እንደመረጠ ይናገራልና በጥቁር ቴፕ ይሸፈን። መልሱን የሚያውቁት ደባቂውና ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ታዛቢ ብቻ ናቸው፤ ታዛቢው ጽፎ በፖስታ ያሽጋል፣ ንባቡ እስኪያልቅም አይወጣም።

ቀለበት እንጨት ላይ ሲያርፍ ይጮኻል፣ ሻማ አይጮኽም፤ መሳቢያው ውስጥ ወፍራም ጨርቅ ይነጠፍ። መደበቂያው ጊዜ ለሁሉም ዕቃ 20 ሰከንድ በሰዓት ይቆጠር፤ ቶሎ የወጣ ደባቂ ከዳር ያለውን ዕቃ አንስቷል። የሚያብለጨልጭ ጠረጴዛና ወለል አይኑር። ስልክና ስማርት ሰዓት በር ላይ ይቀራል።

ቀዳዳው መደፈኑ እንዲህ ይፈተናል፦ ደባቂው ከነወንበሩ ከመጋረጃ ጀርባ ይቀመጥና 50 ሙከራ ይደረግ። ፊት የለም፣ ስለዚህ የተገኘው 10 አካባቢ መሆን አለበት። 16 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የሆነ ነገር እያፈሰሰ ነው፤ ሳይገኝ ቀረጻ አይጀመር።

በጣም የሚያስቸግረው ቀዳዳ ግን ባልና ሚስት ናቸው። ለተመልካች ይጣፍጣሉ፣ አዘጋጅም ይወዳቸዋል። ሽልማቱ አንድ ቤት የሚገባ ከሆነ ግን በዓይን እርግብግቢት አምስት ምልክት መስማማት የአንድ ምሽት ሥራ ነው። ዘመዳሞች ገንዘብ በሌለበት መክፈቻ ላይ ይጫወቱ። ገንዘቡ ሲመጣ አንባቢና ደባቂ የማይተዋወቁ፣ የአንዱ ትርፍ የሌላው ኪሳራ የሆነባቸው ይሁኑ።

ካሜራ፣ መብራት፣ ድምፅ

ቢያንስ አራት ካሜራ ያስፈልጋል፦ የደባቂው ፊት፣ የደባቂው እጅና ጉልበት፣ የአንባቢው ፊት፣ ሰፊው ምስል። ቅጽበታዊ የፊት እንቅስቃሴ ከሰከንድ 1/25ኛ ጀምሮ ይቆጠራል፤ በሰከንድ 25 ፍሬም ሲቀረጽ አንድ ፍሬም ብቻ ይሆንና ይጠፋል። የደባቂው ካሜራ በ50 ፍሬም ይቅረጽ፣ ሹተሩ (ካሜራው ለአንድ ምስል ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) 1/100 ሰከንድ ይሁን፤ ኤሌክትሪካችን 50 ኸርዝ ስለሆነ በዚህ ፍጥነት መብራቱ ምስሉ ላይ አይርገበገብም። በሁለቱ ተጫዋቾች መካከል ከ120 እስከ 150 ሳንቲ ሜትር ይበቃል።

ወፍራም ፓውደር ላብን ይደብቃል፤ በትንሹ ይቀባ። ነጠላ ወይም ሻርፕ ከአንገት ይውረድ፣ የጉሮሮ እንቅስቃሴ የጨዋታው ግማሽ ነው። ስቱዲዮው ከ22 ዲግሪ አይለፍ፤ በሙቀት ያላበ ሰው ምንም አይነበብም። በንባቡ ጊዜ ሙዚቃ አይገባም። ዝምታ የሚያስፈራው ኤዲተር ከበሮ ሊያስገባ ይሞክራል፤ ያኔ ደረት ላይ ያለው ማይክ የያዘው የትንፋሽ ድምፅ ይሰጥማል።

ነጥቡና አገሩ

አንባቢው ሲያቅተው ደረቅ «ተሳስተሃል» ከሚባል እንቆቅልሻችን የተሻለ አለው። ደባቂው «አገር ስጠኝ» ይላል፤ አንባቢው የከተሞች ስም ከተጻፈበት ሰሌዳ ላይ አንድ ከተማ ይሰጠዋል፣ ደባቂውም ከተማው ገብቶ እንደ ልማዱ ይተርበዋል። አሥራ አምስት ሰከንዱ ሳቅ ይሆናል፣ ነጥቡም ለተመልካች ግልጽ ይሆናል።

ሙከራና ቅንብር

ከፓይለት (ከሙከራ ክፍሉ ቀረጻ) በፊት 12 አንባቢዎች 10 ጊዜ ይሞክሩ፤ 120 ሙከራ ይሆናል። ዕድል ብቻ 24 ይሰጣል። ከ33 በታች ከሆነ ፊቱ አልተናገረም፤ ገንዘቡን ጨምሩ፣ አጠራሩን አዘግዩ። ከ60 በላይ ከሆነ ወይ ቀዳዳ አለ፣ ወይ ተስማምተዋል።

ቤት ያለው ተመልካች በመጀመሪያው ደባቂ ጊዜ መልሱን አይወቅ፣ አብሮ ይገምት። በሁለተኛው ጊዜ በጽሑፍ ይነገረው፤ የሚያውቅ ሰው በየፊቱ ምልክት ማየት ይጀምራል፣ አንባቢው ሲሳሳትም ይንጨረጨራል።

በአሜሪካ «ትዌንቲ ዋን» የተባለው የጥያቄና መልስ ውድድር ተወዳዳሪ ቻርልስ ቫን ዶረን፣ ጥያቄና መልስ አስቀድሞ ይሰጠው እንደነበር እ.ኤ.አ. በ1959 ለምክር ቤት አመነ፤ በዓመቱ እንዲህ ያለውን ማጭበርበር የሚከለክል ሕግ ወጣ። የእኛ ጨዋታ የሚጭበረበረው ግን በቅንብር ክፍል ነው። «ሻማ» ሲባል ከሌላ ሙከራ የተወሰደ የምራቅ መዋጥ መለጠፍ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጥሪ እስከ ውሳኔ ያለው የደባቂው ምስል የሰዓት ቁጥሩ ሳይቆረጥ ይቀመጥ፣ ንባብ በጭራሽ እንደገና አይቀረጽ። አቅራቢው መግቢያውን ቢሳሳት ይደገማል፤ አንባቢው ሲያነብ መብራት ቢጠፋ ሙከራው ይሰረዛል፣ አዲስ ዕጣ ይወጣል።