በአስጎብኚ የሚመራ የኮሪያና የጃፓን ጉዞ እንዴት ይዘጋጃል?

የቡድን ጉዞ ጥሩም መጥፎም የሚሆነው ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ነው። አስጎብኚ ድርጅቱን የየቀኑን ዝርዝር ፕሮግራም ይጠይቁ፤ ከዚያ ስንት ሰዓት አውቶቡስ ላይ፣ ስንት ሰዓት በቦታው፣ ስንት ሰዓት ሱቅ ውስጥ እንደሚያልፍ ይደምሩ።

1. ፕሮግራሙን መመርመር

ዋጋው በጣም የወረደ የኮሪያ ጉዞ ብዙውን ጊዜ በጂንሰንግ (ለመድኃኒትነት የሚሸጥ ሥር) እና በመዋቢያ ሱቆች በኩል ያልፋል። ጉዞውን ያረከሰው ከሽያጩ የሚገኘው ኮሚሽን ነው። «የሱቅ ማረፊያ ስንት ነው?» ብለው መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። ለሁለቱ አገሮች ከ10 እስከ 12 ቀን ያስፈልጋል፤ ሁለቱንም በአንድ ሳምንት የሚያሳይ ፕሮግራም የሚያሳየው በዋናነት አየር ማረፊያ ነው።

ቀኖቹንም ያመሳክሩ። በሴኡል የግዮንግቦክጉንግ ቤተ መንግሥት ማክሰኞ፣ ቻንግዶክጉንግ ደግሞ ሰኞ ዝግ ነው። የኮሪያን ባህላዊ ልብስ ሀንቦክን ተከራይቶ የለበሰ ግዮንግቦክጉንግ በነፃ ይገባል። የቡክቾን አሮጌ ሰፈር ሰዎች የሚኖሩበት ስለሆነ፣ በተከለለው ክፍል ጎብኚ የሚፈቀደው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 እስከ 11 ሰዓት ብቻ ነው፤ ከዚያ ውጭ የተገኘ 100,000 ዎን (የኮሪያ ገንዘብ) ሊቀጣ ይችላል። በኪዮቶ የጊዮን ሰፈር የግል መተላለፊያዎችም ለጎብኚ ዝግ ናቸው። (አስጎብኚው «9 ሰዓት ጠዋት» ሲል የእኛ 3 ሰዓት መሆኑን ለእናትና ለአባት ደጋግሞ መንገር ያስፈልጋል፤ አውቶቡሱ አይጠብቅም።)

ወቅትን በተመለከተ፣ ከሚያዝያ 29 እስከ ግንቦት 5 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጃፓናውያን ራሳቸው በእረፍት ጉዞ ላይ ናቸው። በኮሪያ የሶላል (የጨረቃ አዲስ ዓመት) እና የቹሶክ (የመከር በዓል) ሰሞንም መንገዱ ይጨናነቃል፣ ብዙ ንግድ ቤቶችም ይዘጋሉ።

2. ቪዛ

በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለሁለቱም አገሮች ቪዛ ያስፈልጋል፤ የአሜሪካ ግሪን ካርድ መያዝ ለጃፓን ይህን አይለውጠውም። ፓስፖርቱ አንዱ ኤምባሲ ጋ እያለ ለሌላው ማስገባት ስለማይቻል ጊዜ ይተው። ግን እጅግ አይቅደሙ፤ የጃፓን የአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ለ3 ወር ብቻ ነው የሚያገለግለው። ብዙዎች የሚሰናከሉት ግን በጉዞው ቅደም ተከተል ነው፦ ከጃፓን በኋላ ወደ ሴኡል ከተማ ተመልሶ የሚያሳድር ፕሮግራም ከሆነ፣ የአንድ ጊዜ መግቢያ የኮሪያ ቪዛ አይበቃም። ኮሪያን ጨርሶ ከጃፓን ወደ አገር የሚመልስ ጉዞ ይቀላል።

3. ሻንጣ

ቋንጣ አይያዙ፤ ሁለቱም አገሮች የሥጋ ውጤት በመንገደኛ እጅ እንዲገባ አይፈቅዱም። ኮዴይን ወይም ፕሱዶኤፌድሪን ያለበት የጉንፋን መድኃኒት በጃፓን ከተወሰነ መጠን በላይ ክልክል ነው። የኮሪያ ኤሌክትሪክ እንደ እኛው 220 ቮልት ሲሆን፣ ጃፓን 100 ቮልትና ሁለት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው ሶኬት ትጠቀማለች። ቁመቱ፣ ወርዱና ውፍረቱ ተደምሮ ከ160 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ሻንጣ በቶኪዮና በኪዮቶ መካከል በሚሄደው ፈጣን ባቡር፣ በሺንካንሰን፣ ቦታ አስቀድሞ ሊያዝለት ይገባል። ሻንጣውን በማድረሻ አገልግሎት ወደሚቀጥለው ሆቴል መላክ ይሻላል።

4. ጾምና ሃላል

«አትክልት ብቻ» ማለት አይበቃም። የጃፓን ሾርባ መረቁ በአብዛኛው ከደረቀ ዓሣ ነው፤ ኪምቺም (የኮሪያ የተቦካ አትክልት) ብዙ ጊዜ የዓሣ ወይም የሽሪምፕ ቅመም ይገባበታል። ጿሚ የማይበላውን አንድ በአንድ ጽፎ ለአስጎብኚው ይስጥ። በአብዛኛው የእንስሳ ውጤት የሌለው የቡድሃ ገዳማት ምግብ ነው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ የለውም። ሙስሊም መንገደኛ በሴኡል ኢቴዎን ሰፈር በመስጊዱ ዙሪያ ሃላል ምግብ ያገኛል።

5. ባህሉን መቅመስ

በኮሪያ ገዳም ማደርን ያካተተ ጉዞ ይምረጡ። ከንጋት በፊት መነሣትና 108 ጊዜ መስገድ በፕሮግራሙ ሊኖር ይችላል። ሃይማኖቱ የማይፈቅድለት ሰው ሲመዘገብ «የእረፍት» የሚባለውን ዓይነት ይጠይቅ፤ በዚያ መርሐ ግብሩ በአብዛኛው በፈቃድ ነው።

ለኢትዮጵያዊ የኮሪያዋን የቹንቾን ከተማ የሚዘል ፕሮግራም ጎዶሎ ነው። ከሴኡል በባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ በላይ ይርቃል፤ በኮሪያ ጦርነት የተዋጉት የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃ ዘማቾች መታሰቢያ አዳራሽ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያ አለ። በተራ የቡድን ጉዞ ስለማይገባ ነፃ የሆነውን ቀን ለዚህ ያውሉት።

በጃፓን ባህላዊ ማረፊያ፣ በሪዮካን፣ እራት ሰዓቱ የተቆረጠ ስለሆነ ያረፈደ ሊያጣው ይችላል። ፍል ውኃው ውስጥ የሚገባው ያለ ልብስ ነው፤ መጀመሪያ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ገላን በሳሙና ታጥቦ ማለቅለቅ ግድ ነው፣ ትንሿ ፎጣም ውኃው ውስጥ አትነከርም። ንቅሳት ያለበትን ሰው ብዙ ቤቶች አያስገቡም፤ የእናቶቻችን የአንገትና የግንባር ንቅሳት ከዚህ አያመልጥም። መፍትሔው ለብቻ የሚከራይ መታጠቢያ ነው። ይህን ቀብድ ሲከፍሉ ለአስጎብኚው ይንገሩ፤ እዚያ ከደረሱ በኋላ ሲጠየቅ ሰዓቶቹ ተይዘው ሊጠብቁዎት ይችላሉ።