የሚሸነፍ ቡድን እስከ መጨረሻው እንዴት ይደገፋል

መጀመሪያ ሰዓቱን ያዙ። በአሜሪካ ፉትቦል የእሁድ የመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች እዚህ አራት ኪሎ ምሽት 2 ሰዓት ላይ ይጀምራሉ። ከጥቅምት መጨረሻ በኋላ እነሱ ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ 3 ሰዓት ይሆናል። ሌሊት የሚጀምረውን ጨዋታ ግን ተኝታችሁ ጠዋት እዩት። እኔን ያስተማረኝ የምደግፈው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ቺካጎ ቤርስ ነው።

በ2024 ሲዝን 4 አሸንፈን 2 ብቻ ተሸንፈን ነበር። ከዚያ የዋሽንግተን ጨዋታ መጣ። እየመራን ሰዓቱ ሊያልቅ ነበር። ሌሊት 8 ሰዓት አልፏል፣ ጋቢ ተከናንቤ ስልኬ ላይ አፍጥጫለሁ። ኳሱ ከሩቅ ተወረወረ፣ ግርግሩ መሃል እጅ ነክቶ ነጠረ፣ ከኋላ ብቻውን የቆመው የእነሱ ልጅ ያዘው። 18 ለ 15 ተሸነፍን። ሰኞ ሥራ ላይ ቡናዬ ቀዝቅዞ ነው ያስታወስኩት። ከዚያ ጨዋታ ጀምሮ 10 ጊዜ በተከታታይ ተሸነፍን። አሰልጣኙም በመሃል ተሰናበተ።

እንዲህ ሲሆን ውጤቱን ተዉትና አንድ ነገር ብቻ ተከታተሉ። እኔ ኳርተርባኩን፣ ማለትም ኳሱን የሚወረውረውን ተጫዋች፣ የሚከላከሉትን 5 ሰዎች መረጥኩ። ኳርተርባካችን ካሌብ ዊሊያምስ በዚያ ሲዝን ኳሱን ሳይለቅ 68 ጊዜ መሬት ላይ ተጥሏል። ያኔ ገና ጀማሪ ልጅ ነበር፣ አንጀቴን በላው። እነዚያን 5 ሰዎች ስታዩ ሽንፈቱ ከየት እንደሚመጣ ይገባችኋል።

ብዙ የተሸነፈ ቡድን በቀጣዩ ዓመት አዲስ ተጫዋች ቀድሞ ይመርጣል፤ እሱንም ያዙ።

የመጨረሻውን ጨዋታ ደግሞ እንዳትዘሉ። እኛ ግሪን ቤይን በሜዳው 24 ለ 22 አሸነፍን።