ፋፍሳ ስትሞሉ ስሙን ከሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ላይ ቅዱ

አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁ ዘንድሮ ሃይስኩል የሚጨርስ ከሆነ ፋፍሳን (ለኮሌጅ የመንግሥት የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ ፎርሙን) ለነገ አትበሉ። ፎርሙ በየዓመቱ ከኦክቶበር 1 ሳያልፍ ይከፈታል። የፌዴራሉ ቀነ ገደብ ሩቅ ነው። አንዳንድ ስቴቶችና ኮሌጆች ግን ገንዘቡ እስኪያልቅ ድረስ ቀድሞ ላመለከተ ነው የሚሰጡት።

መጀመሪያ ስቱደንትኤይድ ዶት ጎቭ ላይ አካውንት ክፈቱ። ተማሪው የራሱን፣ ወላጅም የራሱን፣ በየራሳቸው ኢሜይል። የእኛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቸገረው እዚህ ጋ ነው፤ ስማችን በእንግሊዝኛ በየወረቀቱ የተለያየ አጻጻፍ አለው። የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱን ከፊታችሁ አስቀምጡና ፊደል በፊደል ቅዱ። «ገብረ ማርያም» ተነጣጥሎ ከተጻፈ ነጥሉት፣ ከተገጠመም ግጠሙት። አንድ ፊደል ከተለየ መረጃው አይመሳከርም፣ ነገሩ ይጓተታል። የእናትና የልጅ የመጨረሻ ስም መለያየቱ ግን ምንም ችግር የለውም።

የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ወላጅም አካውንት መክፈት ይችላል። በዚህ ምክንያት ብቻ ተስፋ የሚቆርጡ ቤተሰቦች መኖራቸው በጣም ያሳዝነኛል። ዋናው የተማሪው ሁኔታ ነው፦ ዜጋ፣ ግሪን ካርድ ያለው፣ ወይም በስደተኝነት ወይም በጥገኝነት የተፈቀደለት ከሆነ ማመልከት ይችላል።

የታክስ መረጃችሁ ከአይአርኤስ (ከፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት) በቀጥታ እንዲመጣ ፈቃድ ስትጠየቁ እሺ በሉ። እምቢ ካላችሁ ልጁ ፔል ግራንትም (የማይመለስ የፌዴራል ድጋፍ) ሆነ የፌዴራል ብድር አያገኝም።

ፎርሙ ነፃ ነው። «ልሙላላችሁ» ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ አትክፈሉ። የትምህርት ቤቱ ካውንስለር በነፃ ያግዛችኋል።