የመራጮችን ምላሽ በአንጎል ልኬት ለመረዳት

የአንጎል ልኬት መራጩ ድምፁን ለማን እንደሚሰጥ አይነግርም፤ አንድ የቅስቀሳ መልእክት በየትኛው ቅጽበት ትኩረት እንደሳበ ግን ሊጠቁም ይችላል። ስለዚህ መሣሪያ ከመምረጥዎ በፊት ጥያቄዎን ይወስኑ። ተመልካቹ በማስታወቂያው የትኛው ቦታ ላይ እንደነቃ ለማወቅ ከፈለጉ፣ የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ በሺህኛ ሰከንድ ደረጃ የሚመዘግበው ኢኢጂ ይሻላል። የአንጎል ምስል የሚያነሳው ኤፍኤምአርአይ የሚለካው የነርቭ ሥራን ተከትሎ የሚመጣውን የደም ኦክስጅን ለውጥ ነው፤ ለውጡ ጫፍ ላይ የሚደርሰው 5 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ በመሆኑ ፈጣን ንግግርን ቃል በቃል ለመከታተል አይመችም። የቆዳ ላብ መለኪያ ርካሽ ቢሆንም የስሜቱን ብርታት እንጂ ቁጣ ይሁን ደስታ አይለይም።

ከዚያ ንጽጽሩን ያዘጋጁ። ተናጋሪው፣ ርዝመቱና ድምፁ አንድ ሆኖ ሊፈትሹት የፈለጉት ነገር ብቻ የሚለያይባቸውን ሁለት መልእክቶች ያቅርቡ፤ ያለዚያ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። እ.ኤ.አ. በ2004 የአሜሪካ ምርጫ ወቅት የሥነ ልቦና ተመራማሪው ድሩ ዌስተንና ባልደረቦቹ 30 ጽኑ የፓርቲ ደጋፊዎችን ሲመረምሩ፣ የፕሬዚዳንት እጩዎቹን የቡሽንና የኬሪን እርስ በርስ የሚጋጩ ንግግሮች ብቻ ሳይሆን የገለልተኛ ሰዎችንም አቅርበው ነበር፤ ውጤቱን ለመተርጎም የረዳው ይህ ንጽጽር ነው።

ትልቁ አደጋ ያለው ግን በትርጓሜው ላይ ነው። ከስሜት ጋር የተያያዘው የአንጎል ክፍል፣ አሚግዳላ፣ ስለነቃ ብቻ «መራጩ ፈርቷል» ማለት አይቻልም፤ ይኸው ክፍል ለሚያስደስትና ለእንግዳ ነገርም ይነቃልና። እ.ኤ.አ. በ2007 በኒው ዮርክ ታይምስ የወጣ አንድ ጽሑፍ ማንን እንደሚመርጡ ያልወሰኑ የ20 መራጮችን የአንጎል ምስል በዚህ መንገድ ተርጉሞ፣ ከሌሎች የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪዎች ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞታል። በእኔ እምነት ምስሉን ከማየትዎ በፊት የትኛውን የአንጎል ክፍል ለምን እንደሚመረምሩ ጽፈው ማስቀመጥ ከማንኛውም ውድ መሣሪያ ይበልጣል። ብዙ የአንጎል ነጥቦች አብረው ሲፈተሹ በአጋጣሚ የሚወጡ የሐሰት ምልክቶችን ለሚያጣራው የስታቲስቲክስ ማስተካከያም አይስነፉ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የቀረበ አንድ ሙከራ ይህ ማስተካከያ ሲቀር የሞተ ሳልሞን ዓሣ እንኳ የሰዎችን ፎቶ «እያየ ያሰበ» የሚያስመስል ምልክት እንደሚሰጥ አሳይቷል።

ከምስሉ ጎን ለጎን ተሳታፊው ስለ መልእክቱ ምን እንደተሰማው በመጠይቅ ይጠይቁ፤ ሁለቱ ሲለያዩም መጠይቁን «ውሸት»፣ ልኬቱን «እውነት» ብለው አይፈርጁ። የአንጎል መረጃ ከፖለቲካ አቋም ጋር ሲጣመር ተሳታፊውን ለጉዳት ሊያጋልጥ ስለሚችል፣ የጽሑፍ ፈቃድ ይቀበሉ፤ ስሙንም ከመረጃው ለይተው ያስቀምጡ።