ብጣሽ ጨርቅ አትጣሉ፣ የሕፃን ብርድ ልብስ ይወጣዋል

አዳማ ውስጥ ልብስ ሰፊ የምታውቁ ከሆነ ብጣሹን እንዲያስቀምጥላችሁ ንገሩት። አቅም ለሌላቸው አራሶች የሚሰጥ ቆንጆ የሕፃን ብርድ ልብስ ይሠራበታል።

ጨርቁን መጀመሪያ እጠቡት። ጥጥ ይሰበሰባል፣ ቀይ ደግሞ ቀለም ይለቃል። ከወፍራም ካርቶን 12 በ12 ሳንቲሜትር ልክ አውጡና በሱ እየለካችሁ ቁረጡ። በየጎኑ 1 ሳንቲሜትር ለስፌት ይሄዳል። 7 በ9 ስትደረድሩት 63 ቁራጭ ይፈጃል፤ ሲያልቅ 70 በ90 ይሆናል። የቀለም ምርጫ ላይ አትጨነቁ፣ ዝንጉርጉሩ ነው የሚያምረው።

ዋናው ዘዴ ካውያው ላይ ነው። ቁራጮቹን በየረድፉ ከሰፋችሁ በኋላ የአንዱን ረድፍ የስፌት ትርፍ በሙሉ ወደ ቀኝ ተኩሱት፣ የቀጣዩን ወደ ግራ። ሁለቱን ረድፎች ስታገናኙ ትርፎቹ እርስ በርስ ገጥመው ቁጭ ይላሉ። በጣት ዳበስ ስታደርጉት ይታወቃችኋል። ማዕዘኑም አይዛነፍም።

ለአዳማ ሙቀት ውስጡን ጥጥ መሙላት ትርፍ ድካም ነው፤ ስስ ገበር ይበቃዋል። መልካሙን ፊት ከገበሩ ጋር ወደ ውስጥ አጋጥማችሁ ዙሪያውን ስፉ፤ መዳፍ የሚያስገባ ክፍተት ትታችሁ በዚያ ገልብጡትና ድፈኑት። ቁልፍና ዶቃ እንዳታደርጉበት፣ ሕፃን ይውጠዋል። ወደምትሰጡበት ቦታ ይዛችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ግን እዚያ ያሉት የሚቀበሉ መሆናቸውን ጠይቁ።