ሞተሩ ነዳጅ ሲያጣ፦ ትንሽ አውሮፕላንን ሜዳ ላይ እንዴት ማሳረፍ ይቻላል?

ሞተሩ አንዴ ሁለቴ አንተፋትፎ ዝም ቢል፣ አውሮፕላኑ እንደ ድንጋይ አይወድቅም። ክንፉ ሥራውን አላቆመም። ሴስና 172 የተባለውን ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን እንውሰድ። ነፋስ ከሌለ ከእያንዳንዱ 1,000 ጫማ ከፍታ 2.8 ኪሎ ሜትር ያህል ወደፊት ይንሸራተታል። 3,000 ጫማ ላይ ካላችሁ አራት ደቂቃ ገደማ አላችሁ ማለት ነው። ቅደም ተከተሉ ካልተምታታ ይበቃል።

መጀመሪያ ፍጥነት። አፍንጫውን ዝቅ አድርጋችሁ የአውሮፕላኑ መመሪያ ለመንሸራተት የሚያዘውን ፍጥነት ያዙ። ለሴስና 172ኤስ ሞዴል 68 ኖት (በሰዓት 126 ኪሎ ሜትር ገደማ) ነው። የደነገጠ ሰው መሪውን ወደ ራሱ ይስባል፤ መሬቱ እንዲርቅለት ይፈልጋላ! ግን ፍጥነቱ ሲሞት ክንፉ መሸከም ያቅተዋል። አብራሪዎች ስቶል የሚሉት ይሄንን ነው። መሬት አጠገብ ስቶል ከገባችሁ መመለሻ የለም።

ቀጥሎ ቦታ ምረጡ፤ ሞተሩን መነካካት ከመጀመራችሁ በፊት። ነፋሱን ፊት ለፊት የምትቀበሉበት ረጅም ሜዳ ቢገኝ ጥሩ። የታረሰ ማሳ ከሆነ በትልሙ አቅጣጫ እረፉ፤ ትልሙን ካቋረጣችሁ ጎማው ተይዞ አውሮፕላኑ ሊገለበጥ ይችላል። ተዳፋት ከሆነ ወደ ዳገቱ። አስፋልት ያማልላል፤ ግን መኪናና ሽቦ አለበት። ሽቦ ከላይ አይታይምና ምሰሶ ፈልጉ። በሁለት ምሰሶ መካከል ሽቦ አለ ብላችሁ ቁጠሩ። ሩቅ ካለው ያማረ ሜዳ በእርግጠኝነት የምትደርሱበት መናኛ ማሳ ይሻላል።

አሁን ሞተሩን ሞክሩ። የነዳጅ ችግር ማለት ነዳጅ አለቀ ማለት ብቻ አይደለም። አንዱ ታንክ ደርቆ ሌላው ሙሉ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ እጃችሁ የታንክ መምረጫው ላይ ይሂድ። ወደ ሌላው ታንክ አዙሩና ጥቂት ሰከንድ ታገሡ፤ ነዳጁ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። ረዳት ፓምፕ ካለ አብሩ፣ ሚክስቸሩን (የነዳጅና የአየር ድብልቁን መቆጣጠሪያ) ሙሉ ለሙሉ ክፈቱ፣ ሞተሩ ካርቡሬተር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅል ክፍል) ካለው ማሞቂያውን ሳቡ። ውጭ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆንም እንኳ ካርቡሬተር ውስጥ በረዶ ሊሠራ ይችላል። እምቢ ካለ ተዉት። ገና ከመሬት ተነስታችሁ ዝቅ ብላችሁ ከሆነማ ይህን ሁሉ ዝለሉት፤ ወደ ኋላ ለመዞርም አትሞክሩ፣ ከፊታችሁ ያለው ላይ እረፉ።

ሬዲዮው አጭር ይሁን። ከተቆጣጣሪ ጋር እየተነጋገራችሁ ከነበረ በዚያው፣ ካልሆነ በ121.5 ሜጋኸርዝ፦ «ሜይዴይ» ሦስት ጊዜ፣ ማን እንደሆናችሁ፣ የት እንዳላችሁ፣ ስንት ሰው እንደተሳፈረ። ትራንስፖንደሩን (ለራዳር መለያ ኮድ የሚልከውን መሣሪያ) የአደጋ ኮድ በሆነው 7700 ላይ አድርጉ።

ልታርፉ ስትሉ ቀበቶ አጥብቁ። በሩን ገርበብ አድርጉት፤ አካሉ ከተጣመመ ተቆልፎ ይቀራል። ነዳጁንና ማግኔቶውን (የሞተሩን ማቀጣጠያ) ዝጉ። ፍላፑ (ቀስ ብሎ ለማረፍ ከክንፉ ጀርባ ወደ ታች የሚወርደው ክፍል) በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ግን ማስተር ማብሪያውን፣ ማለትም ዋናውን የኤሌክትሪክ ማብሪያ፣ ፍላፑን ካወረዳችሁ በኋላ አጥፉ። ሜዳው እንደማያመልጣችሁ እርግጠኛ ሳትሆኑ ሙሉ ፍላፕ አታውርዱ።

መሬት ስትነኩ በተቻለ መጠን ዝግ በሉ፤ መሪው ግን እስከ መጨረሻው ከእጃችሁ አይውጣ። የስበትን 9 እጥፍ በሆነ ጫና ከ80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመቆም ሦስት ሜትር ገደማ ይበቃል። ከ160 ለመቆም ግን ከ11 ሜትር በላይ ያስፈልጋል። ነፋስን ፊት ለፊት መቀበል የሚጠቅመው መሬት የምትነኩበትን ፍጥነት ስለሚቀንስ ነው። መጋጨት የማይቀር ከሆነ ክንፉ ይሰበር፤ ዋናው እናንተ የተቀመጣችሁበት ክፍል እንዳይጨፈለቅ ነው።

እንደቆማችሁ ውጡ፣ ነዳጅ ሊፈስ ስለሚችል ራቅ በሉ። የአደጋ ጊዜ ምልክት አስተላላፊው በራሱ ካልበራ፣ እሳት አለመኖሩን አይታችሁ በእጅ አብሩት። ከዚያ አውሮፕላኑን ትታችሁ ሩቅ አትሂዱ፤ ከአየር ላይ ለሚፈልግ ሰው ከእናንተ ይልቅ አውሮፕላኑ ቶሎ ይታያል።